በውርጩ መሬታችን ላይ ማገጥ ለምን ጠፋ?

የውርጭ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። በመንዝ፣ ከጓሳ ሜዳ ግርጌ፣ አባቴ ከግጦሽ የከለለው ትንሽ መሬት አለን። ከመከለሉ በፊት ባለሦስት ቅጠሉ ማገጥ መሬት ላይ ተነጥፎ በሐምራዊ አበባ ይሞላ ነበር። ከሁለት ክረምት ወዲህ ግን ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጎ ማገጡ ዳር ዳሩን ብቻ ቀርቷል። መከለሉ ጎዳው ማለት ነውን? ቢጠፋስ ሜዳው ምን ይጎድልበታል?

አፈር ወዳድ፦
በእኔ ግምት ጥላው ነው የጎዳው። እንደ ትሪፎሊየም ክሪፕቶፖዲየም ያሉት የከፍተኛ ቦታ ማገጦች ግንዳቸው ከመሬት ተጣብቆ ስለሚኖር ከብት ቅጠላቸውን ቢግጥም መልሰው ያቆጠቁጣሉ፤ ረጅም ሣር ብርሃን ሲከለክላቸው ግን አይችሉም። ስለ ጉድለቱ፦ በብርድ አገር የሞተ ሣርና ሥር ቶሎ ስለማይበሰብስ ለዕፅዋት ምግብ የሚሆነው ናይትሮጅን እዚያው ታስሮ ይቆያል። ማገጥ ግን በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ቅጠሉና ሥሩ ሲበሰብስ አጠገቡ ያለው ሣር ይጠቀማል። አንዱን ሥር ከነአፈሩ አውጥተው በውኃ ይጠቡትና ትንንሾቹን እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አቁሟል።

የከብት ሐኪም፦
አንድ ነገር ልጨምር። መሬቱን መልሳችሁ ስትከፍቱ የተራበ ከብት በማለዳ ጤዛ ባለበት ማገጥ ላይ አትልቀቁ፤ ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አስቀድሞ ገለባ ይብላ።

የጓሳው ጎረቤት፦
መከለልን በጅምላ መውቀስ ግን አይገባም። የጓሳን ሜዳ የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባል የጋራ ግጦሽ መጠበቂያ ባሕላዊ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ ያቆየው ነበር፤ ማገጡም አልጠፋም። ጓሳ የሚባለው ሣር በየጉብታው ተነጣጥሎ ስለሚበቅል በመካከሉ ብርሃን ይገባል፤ ጭላዳ ዝንጀሮም ከሣሩ ጋር ማገጡን ሲለቅም በዓይኔ አይቻለሁ። የእናንተ መሬት ግን የተሸፈነው በደፈናው በሚያድግ ሣር ይመስለኛል። ስለዚህ ከብት ከማስገባት ይልቅ ማገጡ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ሣሩን እጨዱት። ዘሩ ጠንካራ ልባስ ስላለው አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ከየት ይመጣል ብላችሁ አትስጉ።

የውርጭ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ከዳሩ አንድ ነቅዬ አጠብኩት፤ ከሰንጠቅኋቸው አራት እባጮች ሦስቱ ሮዝ ናቸው። አባቴ ለኅዳር ማጭዱን ሊስል ተስማምቷል።