የእናቴ ዓይን ከሦስተኛው ኦዙርዴክስ በኋላ

ሰላም ወገኖቼ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የቆየ የደም ግፊት አለባት። ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ ዓይኗ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ደም ሥር ተዘግቶ ሬቲናው አበጠ። መጀመሪያ አቫስቲን የሚባለውን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ዓይኗ ውስጥ በየወሩ፣ አራት ጊዜ ተወጋች። እብጠቱ አልቀነሰም። ከዚያ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚሟሟውን ስቴሮይድ፣ ኦዙርዴክስን፣ እስካሁን ሦስት ጊዜ አስገቡላት።

ሁሌም የሚሆነው አንድ ነው። በሁለተኛው ወር ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከድና ዳዊቷን ታነባለች። ደስታዋን ብታዩት! አራተኛው ወር ሲያልፍ ግን መስመሩ ይጎብጥባታል፤ የፊደሉ መሀል ይጠፋባታል። ያኔ መጽሐፉን ዝም ብላ ታጥፈዋለች።

ከሦስተኛው በኋላ የዓይን ግፊቷ 29 ደርሶ ነበር፤ በጠብታ ወደ 17 ወረደ። አሁን ደግሞ ሞራ ጀምሯታል። ሐኪሟ ሞራው ይውጣና አራተኛው ይግባ ይላል። እሷ ፈርታለች፤ እኔም የምላት ጠፍቶኛል።

ይህን ሕክምና ለዓመታት የወሰዳችሁ ወይም ያስታመማችሁ፣ ሞራው ከወጣ በኋላ እይታው ጸንቶ ቆየ ወይስ እብጠቱ ተመልሶ መጣ?