አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ተከራይተን ለመጀመሪያ ጊዜ ልንወጣ ነው፤ ለዲሲ አካባቢ የሚቀርበው ስቴት ፓርክ የቱ ነው?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁም። ከሌበር ደይ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ አርቪ ተከራይተን ሁለት ሌሊት ውጪ ልናድር አስበናል። አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ። መኪናው 28 ጫማ ነው። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና ነድቼ አላውቅም። ስለዚህ ከሁለት ሰዓት በላይ መራቅ አልፈልግም። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ መሄድ አትችልም። ሌስልቬኒያንና ሜሰን ኔክን ለሽርሽር እናውቃቸዋለን። እዚያ ማደር ይቻላል? ካልሆነ የት ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከማናሳስ

እህቴ፣ ሁለቱም የአርቪ ማደሪያ የላቸውም። እኔ ብሆን ሸናንዶዋ ሪቨር ስቴት ፓርክን ነው የምመርጠው። በ66 አውራ ጎዳና ፍሮንት ሮያል ድረስ ትሄጃለሽ፣ ከዚያ በ340 መንገድ ወደ ደቡብ ትታጠፊያለሽ። መንገዱ አብዛኛው ሰፊ ሃይዌይ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ ነው። መብራትና ውሃ ያለበት ቦታ አላቸው። ወንዙም እዚያው ነው፤ ልጆቹ አይሰለቹም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ስልክሽ ላይ «ሸናንዶዋ» ብለሽ ብቻ ከፈለግሽ ወደ ናሽናል ፓርኩ ሊወስድሽ ይችላል። ያ ሌላ ነው፤ ተራራው ላይ ነው፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። እዚያ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የመኪናሽን ቁመት ከአከራዩ ጠይቂና ወረቀት ላይ ጽፈሽ መሪው አጠገብ ለጥፊው። የትም ብትሄጂ ይጠቅምሻል።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ለሜሪላንድም ትንሽ ልናገር። ካኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ፣ ተርሞንት አጠገብ ያለው፣ በጣም ደስ ይላል። ፏፏቴው 78 ጫማ ነው፣ የሚዋኙበት ሐይቅም አለ። በየዓመቱ እንሄዳለን። ግን በሜሪላንድ ፓርኮች ብዙዎቹ ቦታዎች መብራት ብቻ እንጂ የውሃ መስመር የላቸውም። የውሃ ታንኩን ሞልተሽ ነው የምትገቢው። ውሃውም መብራቱም ፍሳሹም እዚያው እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ ፖይንት ሉክአውት አለ፤ ፖቶማክ ከቼሳፒክ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ። ትንሽ ይርቃል።

ከባልቲሞር ወዲያ ማለፍ ካሰብሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። አርቪ ላይ የሚገጠመውን የፕሮፔን ጋዝ ይዘሽ በሁለቱ የባልቲሞር ዋሻዎች ማለፍ ክልክል ነው። ድሮ በባልቲሞሩ ኪ ብሪጅ እንዞር ነበር። ድልድዩ በመጋቢት 2016 (በፈረንጆች ማርች 2024) ከወደቀ ወዲህ ባልቲሞርን የሚዞረውን የ695ን መንገድ በምዕራብ በኩል ነው የምንይዘው።

መልስ፣ ከዉድብሪጅ

የራሴ ተጎታች አለኝ፤ አራት ዓመት ሆነው። ሰው ሁሉ ፓርኩን ይመርጣል። ከፓርኩ ይልቅ ግን የምታቆሚባት ቦታ ናት ወሳኟ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ርዝመቱን ሳላይ ያዝኩና መኪናዬ አልገባ ብሎ ማታ በዝናብ ሌላ ቦታ ስንፈልግ አመሸን። ልጆቹ መኪና ውስጥ ተኙ። ያን ቀን አልረሳውም።

ስለዚህ ስትይዢ የቦታውን ርዝመት እይ። ለ28 ጫማ መኪና 35 ያህል ብታገኚ ትተነፍሻለሽ። መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ከፎቶው ተመልከቺ። የመብራቱ መሰኪያ 30 ነው 50 አምፔር? ከመኪናሽ ጋር መግጠም አለበት። ፍሳሹን የምትደፊበት ጣቢያ ፓርኩ ውስጥ መኖሩንም አረጋግጪ፤ ሞልቶ መመለስ አይመከርም።

በቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች ቦታ ከ11 ወር በፊት ጀምሮ ስለሚያዝ ጥሩ ጥሩው ቀድሞ ያልቃል። ሆኖም የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም። ጠዋትና ማታ ድረ ገጹን እያየሽ ቆዪ፤ እኔ ሁለት ጊዜ እንዲያ ነው ያገኘሁት።

መልስ፣ ከፌርፋክስ

እኔ የማስበው ስለ እናትሽ ነው። እኔም እናቴን ይዤ ወጥቼ ስለነበር። ካርታው ላይ መታጠቢያ ቤቱን ፈልጊና አጠገቡ ያለውን ቦታ ያዢ። በጣም ከተጠጋ ደግሞ ሌሊት የሰው ኮቴ ያስቸግራቸዋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ይሻላል። የሚደገፉበት ያለው ወንበር ውሰጂላቸው፤ የፓርኩ አግዳሚ ለጉልበትም ለወገብም አይሆንም። ማታ ወንዝ ዳር ይበርዳል፣ ጋቢ አይረሳ።

ቡናውን እዚያው አፍሉት፤ እንቁጣጣሽም አይደል! ማገዶ ግን ከቤት አትጫኚ። ዛፍ የሚያደርቁ ነፍሳት በእንጨት እየተጓጓዙ ስለሚዛመቱ እዚያው አካባቢ መግዛት ነው። ድብ ያለበት አገር ስለሆነ ዶሮ ወጡን ማታ ውጪ አታሳድሪ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ድምፅ መቀነስ ግዴታ ነው፤ ዘመድ ልጋብዝ ካልሽ ይህን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባለቤቴ ሌክ አና ስቴት ፓርክን አንስቶልኛል። ስለሱስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፣ ከዉድብሪጅ

ሐይቁ ትልቅ ነው፤ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለማቀዝቀዝ የተሠራ ነው። ልጆች የሚዋኙበት አሸዋማ ዳርቻ አለው። ቀድሞ ወርቅ ይወጣበት የነበረ ቦታም ነው። እኔ እወደዋለሁ። ችግሩ መንገዱ ነው። ዓርብ ከሰዓት በ95 ወደ ደቡብ መሄድን ታውቂዋለሽ። በማታውቂው መኪና እዚያ መሐል መቆም ያደክምሻል። ሐሙስ መውጣት ከቻላችሁ ሂዱ። ዓርብ ከሆነ ግን የማናሳሱ ወንድማችን ያለሽን ስሚ፤ 66ም ስለሚጨናነቅ ከቀትር በፊት ውጪ።

ጠያቂዋ

ሸናንዶዋ ሪቨርን ያዝኩ! የተሰረዘ ቦታ ዛሬ ጠዋት ተገኘ፤ 40 ጫማ ነው፣ ከመታጠቢያው አራተኛ። አሁን የሚያስፈራኝ ወደ ኋላ ማስገባቱ ብቻ ነው።

መልስ፣ ከማናሳስ

እንኳን ደስ ያለሽ! መኪናውን የምትረከቢ ቀን ባዶ ፓርኪንግ ፈልጊና ግማሽ ሰዓት ተለማመጂ። ባለቤትሽ ከኋላ በሾፌሩ በኩል ይቁም፤ በመስታወት ካላየሽው አቁሚ። ከመጮህ ይልቅ በስልክ ተነጋገሩ። ሲመሽ ከባድ ስለሆነ በብርሃን ድረሱ።