ቋሚ አሠሪ የሌለኝ ወጣት የራሴን የጤና መድህን እንዴት ላውጣ? (ባሕር ዳር)

የፎገራዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ እዚሁ ባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይቼ፣ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ሒሳብ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። ወላጆቼ በፎገራ ወረዳ ሩዝ አምራቾች ናቸው። አባቴ ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን (ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ የሚታከምበት ሥርዓት) በወረዳችን በሙከራ ደረጃ ከተጀመረበት ከ2003 ዓ.ም. አንሥቶ አባል ስለሆነ፣ ልጅ ሳለሁ ወባ በያዘኝ ቁጥር የምታከመው በእርሱ የአባልነት ደብተር ነበር። አሁን ግን ደብተሩ የፎገራ ከተማ በሆነችው ወረታ፣ እኔ ባሕር ዳር ነን።

ነገሩን አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት ትርፍ አንጀት መታመሟ ነው። በሌሊት ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድናት፤ ቀዶ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ገንዘብ አስይዙ ስለተባልን፣ እርሷ በሕመም ስትቃትት እኛ ስልክ እየደወልን ብር ስናሰባስብ ነጋ። እኔ ብሆን ኖሮ ወላጆቼ በሬ ከመሸጥ ሌላ አማራጭ እንደማይኖራቸው አውቃለሁ። ወደ አንድ የመድን ድርጅት ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ የምናስተናግደው ተቋማትን ነው አሉኝ። ያላገባሁና ብቻዬን የምኖር ሰው በራሴ ስም መመዝገብ እችል ይሆን?

ጤና ጣቢያ የምሠራ

እህቴ፣ ትችያለሽ። ዕድሜሽ ከ18 ስላለፈ ከአባትሽ ቤተሰብ ጋር በመደበኛው መዋጮ አትካተቺም፤ ወይ ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎልሽ በእርሳቸው ደብተር ትቀጥያለሽ፣ ወይ የራስሽን ትከፍቻለሽ። ነገር ግን እያንዳንዱ ወረዳ ውል የሚይዘው ከራሱ ጤና ጣቢያዎችና እነርሱ ሪፈር (የመላኪያ ወረቀት) ከሚጽፉላቸው ሆስፒታሎች ጋር በመሆኑ፣ የፎገራ ደብተር ይዘሽ ባሕር ዳር ላይ ለጉንፋንና ለታይፎይድ መታከም ያስቸግርሻል። ኑሮሽ እዚህ ከሆነ እዚሁ መመዝገቡ ይሻልሻል።

ለዚህም መጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልግሻል። ተከራይ ወጣቶች የሚቸገሩት አብዛኛውን ጊዜ በመድህኑ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ከትውልድ ቀበሌሽ መሸኛ ካላመጣሽ የከተማው ቀበሌ መታወቂያ አይሰጥሽም። ስለዚህ ወደ ወረታ በምትሄጂበት ጊዜ መሸኛውን አስጽፊ። ምዝገባውም ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ሥርዓቱ የተዘረጋው ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ ገንዘብ በሚይዝበት ወቅት እንዲከፍል ታስቦ ስለሆነ፣ ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ተከፍቶ ይዘጋል፤ በሐምሌ ታሞ በሐምሌ ልመዝገብ የሚል ሰው አይስተናገድም። ቀኑንና የዘንድሮውን መዋጮ ከቀበሌሽ ጠይቂ፤ መዋጮው በየጊዜው ስለሚሻሻል የአምናውን መጠን ብነግርሽ አሳስትሻለሁ።

በመድን ሥራ ያለሁ

ድርጅቱ የነገረዎት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ቢያውቁት ደግሞ በከንቱ ከመመላለስ ይድናሉ። በአገራችን የሕክምና ወጪ መድን በዋነኛነት የሚሸጠው ለቡድን፣ ማለትም ለአሠሪ ድርጅትና ለሠራተኞቹ ነው። ሰው በግል መድን የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ሕመም ሲጀምረው በመሆኑ፣ ጤነኛውና ታማሚው ባልተቀላቀሉበት ሁኔታ ዓረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ክፍያ) ለታካሚዎች የሚከፈለውን ካሳ አይችልም። አንዳንድ ወጣቶች ተሰባስበን ቡድን እንሁን ይላሉ፤ ለመድን ሲባል ብቻ የተሰባሰበ ቡድን ግን ተቀባይነት አያገኝም፤ አስቀድሞ በሌላ ዓላማ የተቋቋመ ድርጅት ወይም ማኅበር መሆን አለበት። ሒሳብ ከሚሠሩላቸው ድርጅቶች አንዱ ለሠራተኞቹ መድን የሚገባ ከሆነና እርስዎን በቅጥር ውል ለመያዝ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከደመወዙ እኩል ይህንንም ቢደራደሩበት እመክራለሁ።

ቋሚ ሥራ ካገኙ ሊነሣ ስለሚችል አንድ ጉዳይ ልጨምር። በመደበኛው ዘርፍ ለተቀጠሩና ለጡረተኞች የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ፣ ደንብ ቁጥር 271/2005 ደግሞ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ እንዲዋጣ ደንግጎ ነበር፤ ሆኖም አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። ይጀመራል ብለው አይጠብቁ፤ ዛሬ በእጅዎ ሊገባ የሚችለው የማህበረሰብ አቀፉ ነው።

ልብስ ሰፊዋ

እኔም እንደ አንቺ ብቻዬን የምኖር ስሆን በራሴ ስም ተመዝግቤ እጠቀማለሁ። መዋጮው የሚሰላው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ ስለሆነ፣ ለብቸኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል፤ ቢሆንም ለአንድ ሌሊት የግል ሆስፒታል አልጋ ከሚከፈለው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ማወቅ የሚገባሽ የአካሄዱን ሥርዓት ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መነሻሽ ሁልጊዜ ጤና ጣቢያ ይሁን፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎልሽ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትሄጃለሽ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ከወጪው ግማሹን ከኪስ ያስከፍላል። የሪፈሩን ወረቀት ካርድ ክፍል ከመስጠትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ቢጠፋ እንደገና ለማጻፍ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ለታመመ ሰው ከባድ ነው። ሌላው ችግር መድኃኒት ነው። ምርመራው ያለ ክፍያ አልቆ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስትደርሺ «የለም» ልትባዪ ትችያለሽ። ያን ጊዜ ዝም ብለሽ ወደ ግል መድኃኒት ቤት አትሂጂ፤ በማዘዣው ላይ መድኃኒቱ አለመኖሩ ተጽፎ ማኅተም እንዲያርፍበት አድርጊ፣ ውል የተያዘበት ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩንም ከዚያው ከመድህን ክፍሉ ጠይቂ። መነጽር፣ አርቴፊሻል ጥርስና የውጭ አገር ሕክምናን ግን መድህኑ አይሸፍንም።

የፎገራዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ምዝገባው እስኪከፈት ባለው ጊዜ ብታመም ወይም ባጃጅ ብትገጨኝ ምን መንገድ አለኝ? የአባቴን ደብተርስ ምን ላድርገው?

ጤና ጣቢያ የምሠራ

የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእናቶች ክትትልና ወሊድ፣ የክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት መድህን ላለውም ለሌለውም ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው ደግሞ በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም የጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት፤ አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ እስከ 2,000 ብር ነበር። ከዚህ ውጪ ላለው፣ ከግል ይልቅ በቅርብሽ ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከፍለሽም ቢሆን ዋጋው ይቀላል።

የአባትሽን በተመለከተ፣ የዘንድሮ ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎልሽ ከሆነ ዓመቱ እስኪያልቅ ስምሽ እንዳይሰረዝ፤ ለእረፍት ወረታ ሳለሽ ብትታመሚ ትታከሚበታለሽ። እዚህ ስትመዘገቢ ግን እዚያ እንዲያስወጡሽ ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ ለአንድ ሰው በሁለት ቦታ ትከፍላላችሁ።