ሰማይ ባየሁ ቁጥር የምትከተለኝ ክር፦ በ24 ዓመቴ እንዴት ልልመዳት?

ነጭ ግድግዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት ወር በፊት ሣር ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሳይ በግራ ዓይኔ የተጠላለፈ ፀጉር የመሰለ ነገር አየሁ። ሽፋሽፍት የገባብኝ መስሎኝ አሸሁት፤ አልሄደም። ዓይኔን ወደ ቀኝ ሳዞር ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተለኛል፤ ትኩር ብዬ ላየው ስል ሸርተት ይላል። አሁን ሦስት ሆነዋል፦ ክሯ፣ አጠገቧ ያለች ክብ ነጥብ፣ እና ጭስ የመሰለ ብዥታ።

የዓይን ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጎ ውስጡን አየልኝና «ሬቲናሽ፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይንሽ የኋላ ሽፋን፣ ደህና ነው፣ ፍሎተርስ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ ሸኘኝ። እንዴት እንደሚለመድ ግን አልነገረኝም። መነጽሬ የሩቁን ለማየት ነው፣ ማይነስ 5።

ማየትስ አያለሁ። ችግሬ ጠዋት ስነቃ ገና ከአልጋ ሳልወርድ ጣሪያው ላይ እነሱን መቁጠሬ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ነጭ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እኔም አለብኝ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። ማታ ማታ «ዕድሜ ልኬን እንዲህ ልኖር ነው?» እያልኩ አለቅሳለሁ። ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ መድኃኒቱ ይቅርብኝና አኗኗሩን ንገሩኝ።

የጠዋት ጤዛ

አይዞሽ እህቴ። እኔ 27 ነኝ፤ ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ይህን ጽሑፍ እስካነብ ድረስ ከነመኖሯም ረስቻት ነበር። አሁን አስታወስሽኝ፣ ይኸው መጣች። ምን ላድርግሽ!

የመነጽር ሰው

ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ ዓይን መርምሬ መነጽር የማዝ ባለሙያ። ሐኪሙ በጥድፊያ የዘለለውን ልሙላልሽ።

የዓይናችን ውስጥ ቪትሪየስ በሚባል፣ እንደ ጄል በረጋ ነገር የተሞላ ነው። መጠኑ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን 98 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። የተቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባሉ ቀጫጭን ቃጫዎችና ውሃውን የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። ጄሉ ላላ ሲል ቃጫዎቹ ይጠላለፋሉ። አንቺ የምታዪው ሬቲናሽ ላይ የሚያርፈውን የእነሱን ጥላ ነው፤ ፍሎተርስ የሚባለውም ይኸው ነው። እጅሽን ግድግዳ አጠገብ ብታደርጊ ጥላው ጥርት ይላል፤ ብታርቂው ይደበዝዛል አይደል? ክሯ ለሬቲና ቀርባ ይሆናል፤ ጭሱ ደግሞ ራቅ ብሎ። ብርሃን ሲበረታ ብሌናችን ይጠባል፣ ያኔ ጥላው ይሰላል። ስለዚህ ሰማይ ስታዪ የምትጎላው ብሶብሽ አይደለም።

በማይነስ ሰዎች ላይ ይህ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ዓይናቸው ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ስለሚል ጄሉ ቶሎ ይላላል። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ በላቲን የቆየ ስሙ «ሙስኬ ቮሊታንቴስ» ነው፣ የሚበሩ ዝንቦች ማለት ነው።

አሁን የማልቀልድበት ጉዳይ። ድንገት ብዙ አዲስ ነጥብ እንደ ጥቀርሻ ከረገፈ፣ ከዓይንሽ ጥግ መብረቅ የመሰለ ብልጭታ ካየሽ፣ ወይም በአንድ በኩል መጋረጃ የወረደ የሚመስል ጥላ ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ሬቲና ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ማይነስ 5 ላለው ሰው ደግሞ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ከዚህ ውጭ ያረጀችዋ ክር ዛሬ ጎልታ ነገ ብትደበዝዝ አትደንግጪ።

መካሪው

ካሮት ብዪ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ይጠፋል። ደግሞም አመስግኚ፤ ጭራሽ የማያይ ስንት አለ።

የመነጽር ሰው

ወንድሜ፣ ካሮቱን ትብላ፣ አይጎዳትም። ክሩን ግን አያሟሟውም።

ነጭ ግድግዳ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። @መካሪው፣ እያመሰገንኩም አለቅሳለሁ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ቅዳሜ ብቻ

እህቴ፣ የጣሪያው ነገር የራሴን ታሪክ የጻፍሽብኝ ያህል ነው። እኔ በ22 ዓመቴ ነው የጀመረኝ፤ አሁን 31 ነኝ። ያኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነጩ ሴራሚክ ፊት እቆምና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እፈትሻለሁ፣ ከዚያ ሌላውን። ደብተር ነበረኝ፤ ቅርጻቸውን በእርሳስ እስላቸዋለሁ። ትል፣ ቀለበት፣ የተገለበጠ «ረ»። ትናንት ከሳልኩት ጋር አስተያይቼ «ይቺ ጨምራለች» እላለሁ። ደብተሩ ሲያልቅ ሌላ ገዛሁ፤ እብደት ነው፣ አውቃለሁ።

ነገሩ የገባኝ አንድ ቀን በአፍንጫዬ ነው። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና ወደ ታች ሳትመለከቺ አስተውዪ፤ የአፍንጫሽ ጎን ይታይሻል። ከተወለድሽ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ማንም ግን «አፍንጫዬ ጋረደኝ» ብሎ ሲያለቅስ አላየሁም። አእምሯችን የማይለወጥና የማያስፈራ ነገርን ገሸሽ ያደርገዋል። እኔ ግን ክሮቼን በቀን አርባ ጊዜ እየጠራሁ «ይህ አደጋ ነው፣ ጠብቀው» እለው ነበር። እሱም ታዝዞ ጠበቀ።

አላይም ማለት አልቻልኩም፤ ላለማየት መታገል ራሱ ማየት ነው። ያቆምኩት መፈተሹን ነው። ለፍተሻ ቅዳሜ ጠዋትን መደብኩ፦ አንድ ደቂቃ፣ አንድ ዓይን፣ ከዚያ ሌላው፣ አበቃ። ይህም ቢሆን አዲስ ነገር ቢመጣ እንዳያመልጠኝ ነው። በሌላው ቀን ሲያምረኝ «ለቅዳሜ» እለዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር፤ ሐሙስ ላይ ተሸንፌ ሴራሚኩን አየሁት። በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ መሆኑን ረስቼ እሑድ ትዝ አለኝ።

ኮምፒውተርሽን ጥቁር ገጽ አድርጊው፤ ነጭ ግዴታ ከሆነ ብርሃኑን ቀንሺና የክፍሉን መብራት አብሪ። ክሯ መሐል ላይ ተቀምጣ ማንበብ ስትከለክልሽ ዓይንሽን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አድርጊ፤ ጄሉ ሲናወጥ ዞር ትልልሻለች። ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ ግን ስለዚህ ነገር አታንብቢ። የተረሳለት ሰው አይጽፍም፤ የምታገኚው የእኔን የደብተር ዘመን ዓይነት ሰው ብቻ ነው።

ደግሞ ማልቀስሽን አትፈሪው። እኔ ያለቀስኩት ለጠራው ሰማይ ነበር፤ ያጣሁት ነገር ስለሆነ ተገቢ ነበር። እንቅልፍና ምግብ ከዘጋሽ ግን ለብቻሽ አትሸከሚው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። እኔ ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የቅዳሜው ሐሳብ ራሱ የመጣው ከእሷ ነው።

ሁለተኛዋ

እኔ በተቃራኒው «አውጡልኝ» ብዬ ሁለት ሐኪም ጋ የሄድኩ ነኝ። ቪትሬክቶሚ የሚባል ቀዶ ሕክምና አለ፤ ጄሉን አውጥተው በሌላ ፈሳሽ ይተኩታል። ፍሎተርሱን በእርግጥ ያነሳል፤ ነገር ግን የዓይን ሞራ ያፋጥናል፣ ሬቲና የመላቀቅና የኢንፌክሽን አደጋም አለው። ለዚህ ነው ለወጣት የማይቸኩሉበት። ያግ የሚባለውም ሌዘር ከሬቲና ራቅ ላለ ትልቅ ቁራጭ እንጂ እንደኔ ቀጭን ሆኖ ለሬቲና ለተጠጋ ክር እንደማይሆን ነገሩኝ። እኔም ተውኩት። ግን በር እንዳለ ማወቄ ራሱ አሳረፈኝ፤ የተቆለፈብኝ መስሎኝ ነበር።

ነጭ ግድግዳ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ዛሬ ሦስተኛ ቅዳሜዬ ነው። ማክሰኞ ጣሪያውን ሳላይ ተነሣሁ፤ ትዝ ያለኝ ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ ነው። ሐሙስ ግን ባሰኝ፤ ስብሰባ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተዘርግቶ አንድም ነገር አልሰማሁም፣ ክሯን ብቻ ሳሳድድ ዋልኩ። ክቧን ነጥብ ዛሬ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ጭሱ ገና አልለቀቀኝም።

@የመነጽር ሰው፣ ለፀሐይ ጥቁር መነጽር ፈልጌ ነበር። ከማይነስ ጋር አብሮ ይሠራል?

የመነጽር ሰው

ይሠራል፣ ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂ። ለውጭ ብቻ ይሁን ግን፤ ቤት ውስጥ ካዘወተርሽው ዓይንሽ ጨለማውን ይለምድና ተራው ብርሃን ይከብድሻል።