የምሽቱ ቡና በዕድራችን ስብሰባ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ሰብሳቢ፦ ወርኃዊው ስብሰባችን ከምሽቱ 1 ሰዓት እንደሚጀመርና ቡና ሳይፈላበት ቀርቶ እንደማያውቅ ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት እኅታችን ቡናው እንቅልፍ ስለሚነሳ በሻይ ይተካ ስላሉ፣ አባላት ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቀድሞው ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አልስማማም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቼ ጋደም ስል እንቅልፍ ወዲያው ይወስደኛል። ከሥራ ደክሞ የመጣው የሚነቃቃው፣ የተኳረፈውም የሚታረቀው ረከቦቱ ዙሪያ ነው።

ሐሳቡን ያቀረብኩት ነርስ፦ ጋሼ፣ የሚሉትን አምናለሁ፤ ነገር ግን የእርስዎ ሰውነት ለሁላችን መለኪያ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ አንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ቦታውን ቀድሞ ስለሚይዝበት ድካሙ ሳይለቀን ስሜቱ ብቻ ይሰወርብናል። ጉበት ካፌይኑን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ከጠጣነው አቦል እኩሌታው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩልም ደማችን ውስጥ ነው። ይህ ፍጥነት በውርስ ይለያያል፤ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ይገላገለዋል፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት እጥፍ ያህል ጊዜ ያስፈልጋታል፣ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ደግሞ እስከ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ባለፈው ወር አንድ ስኒ ይበቃኛል ብል «በረካውን ሳይጠጡማ አይኬድም» ተብዬ ሦስቱንም ጠጣሁ፤ ዶሮ ሲጮህ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነበር፣ ጠዋት የሕፃን ክንድ ይዤ መርፌ ስወጋ እጄ እንዳይስት ፈራሁ።

ከሐረርጌ የመጣሁ አባል፦ ሻይ ቅጠልም ካፌይን ስላለው፣ ምንም እንኳ መጠኑ ከቡና ቢያንስ፣ መተካቱ ግማሽ መፍትሔ ነው። በልጅነቴ የጠጣሁት ቁጢም እኮ የቡና ቅጠል ነው። ደግሞ ጋሼ፣ ወዲያው እንቅልፍ የሚወስደው ሰው እንኳ ጥልቁ እንቅልፉ ሊቀንስበት ይችላል። መነቃቃት የምንለውም አንዳንዴ የሐራራው መብረድ ነው፤ የለመደ ሰው ቡና ሲቀርበት ራሱን የሚያመው ለዚህ ነው።

የቀድሞው ገንዘብ ያዥ፦ እኅቴ፣ የሕፃኑ ነገር ከብዶኛል። ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁንና ቡናው ይቀጥል።

ነርሷ፦ በዚህ እስማማለሁ። እስከዚያው ግን ጦስኝ በሌላ ማንቆርቆሪያ ይፈላ፤ አቦሉን ያልፈለገ ሰውም ለምን ተብሎ አይጠየቅ።