ጆኮቪች በ2025 ግማሽ ፍጻሜ ላይ የቆመው ምኑ ደክሞ ነው?

መረብ ዳር (ጠያቂ፤ መላሾቹም በቅጽል ስማቸው ነው የሚጽፉት)

የ2025 ዩኤስ ኦፕን ቴኒስም አለቀ። አልካራዝ ሲነርን 6-2፣ 3-6፣ 6-1፣ 6-4 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ2024 እና በ2025 የተካሄዱትን ስምንት ግራንድ ስላሞች (በየዓመቱ አራት የሆኑትን ታላላቅ ውድድሮች) ሁለቱ ልጆች አራት አራት ተካፈሏቸው፤ ለሌላው ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈም። ጆኮቪች በ2025 አራቱም ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ከአራቱም አላለፈም። አውስትራሊያ ላይ ከዝቬሬቭ ጋር አቋርጦ ወጣ፤ ፓሪስና ዊምብልደን ላይ ሲነር ሦስት ለዜሮ፣ ኒው ዮርክ ላይ አልካራዝ ሦስት ለዜሮ።

"ይቁም ወይስ ይቀጥል" የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰርቩን (ነጥቡን የሚጀምርበትን ምት) ሳየው በሃያዎቹ ዕድሜው ከነበረው ይበልጣል። ባክሃንዱ (የግራ ጎን ምቱ) ያው የምናውቀው ነው። 24 ግራንድ ስላም ያለው ሰው መድረኩ አስፈራው አይባልም። ታዲያ በትክክል የቀነሰው ምንድን ነው? ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ማራቶን ላይ በ2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ወጥቷል፤ በ38 ዓመት ሦስት ሰዓት ቴኒስ ለምን እንዲህ ይከብዳል? "ዕድሜ ነው" ብላችሁ እንዳታልፉኝ። የትኛው ምት? ስንተኛው ሴት (የጨዋታው ክፍል) ላይ?

ሁለተኛ ሰርቭ

ከቀነኒሳ ልጀምር፣ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። የማራቶን ሯጭ አንድ ፍጥነት ይዞ ወደፊት ይሮጣል፤ ሲጨርስ ቀጣዩ ማራቶን ከወራት በኋላ ነው። የቴኒስ ተጫዋች በየጥቂት ሰከንዱ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ያንኑ ሀ ብሎ ይጀምራል። ጡንቻን ይበልጥ የሚጎዳው መቆሙ ነው። የነጠላ ሜዳ ስፋቱ 8.23 ሜትር ነው፣ ከመሀል እስከ ጎን መስመር አራት ሜትር ከምናምን። ያንን በጥቂት እርምጃ ሸፍነህ፣ በአንድ እግር ፍሬን ይዘህ፣ መትተህ፣ በዚያው እግር ገፍተህ ወደ መሀል መመለስ አለብህ። ጭንና ብሽሽት እየተለጠጡ ሙሉ ክብደትህን የሚይዙት ያኔ ነው። የ22 ዓመቱ ልጅ በማግስቱ ደህና ነው። የ38 ዓመቱ በሁለተኛው ቀንም ገና ነው።

አሁን ውጤቶቹን በዚህ ዓይን እያቸው። አውስትራሊያ 2025፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ፣ የመጀመሪያው ሴት ውስጥ ግራ ጭኑን ተጎዳ፤ ታክሞ ተመለሰና አልካራዝን 4-6፣ 6-4፣ 6-3፣ 6-4 አሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ከዝቬሬቭ ጋር 81 ደቂቃ የፈጀውን የመጀመሪያ ሴት በታይብሬክ (6-6 ሲሆኑ በሚጫወቱት መለያ) ተነጠቀ፣ መረቡ ጋ ሄዶ ተጨባበጠና ወጣ። ዩኤስ ኦፕን ላይ ሁለተኛውን ሴት 3-0 እየመራ ነበር፤ አልካራዝ ደረሰበት፣ ታይብሬኩን ወሰደ፣ ሦስተኛው 6-2 ሆነ። ራሱም ከሁለተኛው ሴት በኋላ ጉልበቱ እንዳለቀ ተናግሯል።

የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያሳይሃል። ኦገስት 2024፣ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ አልካራዝን በሸክላ ሜዳ 7-6፣ 7-6 አሸነፈ። ሁለቱም ራሳቸው ሰርቭ ያደረጉበትን ጌም አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠቁም። ጨዋታው ግን ከሦስት ሴት ሁለት ያሸነፈ የሚወስደው ነበር። ግራንድ ስላም ቢሆን ኖሮ (ለወንዶች ከአምስት ሦስት ነው)፣ ወደ ሦስት ሰዓት ከተጫወተ በኋላ ገና አንድ ሴት ይቀረው ነበር።

"የትኛው ምት" ላልከው፦ ወደ ቀኝ ጥግ እየሮጠ የሚመታው ፎርሃንድ። ሲነር ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሁለት ሦስት ጠንካራ ባክሃንድ ሰያፍ እየመታ ወደ ግራ ይስበዋል፣ ከዚያ ድንገት በመስመሩ ቀጥ አድርጎ ወደ ፎርሃንድ ጥግ ይለቀዋል። የድሮው ጆኮቪች ተንሸራትቶ ይደርስና ሰያፍ አድርጎ ጥልቅ ይመልሰው ነበር። ያሁኑ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል። ግማሽ እርምጃ ስትዘገይ ኳሷን ከፊትህ መምታቱ ይቀርና ከጎንህ ትመታታለህ፤ ክብደትህ ኋላ እግር ላይ ይቀራል፣ ኳሷ የሰርቭ መስመሩ አካባቢ አጥራ ታርፋለች፣ ሲነር አንድ እርምጃ ገብቶ ይጨርሳታል። ይህ ደግሞ የሲነር ዊነር (ተጋጣሚው ያልመለሰው የማሸነፊያ ምት) ተብሎ ነው የሚመዘገበው፤ የጆኮቪች ስህተት ዝርዝር ውስጥ አታገኘውም። የጨዋታውን የቁጥር ሠንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው "ምንም አልቀነሰም" የሚለው ለዚህ ነው።

ሰርቩ የተሻለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ረጅም ቅብብል ስለሚጎዳው ነጥቡን በሦስት በአራት ምት መጨረስ ይፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ከሰርቭ የተሻለ መንገድ የለም።

ጥግ ለጥግ

ሁለተኛ ሰርቭ ያለው ግማሹን ይመልሳል፣ ግማሹን ግን አይመልስም። ሴቶቹ ዘንድ ከሦስት ሴት ሁለት ነው (አማርኛችን እዚህ ላይ አያግዝም፣ ይቅርታ)፤ ሴሬና ዊሊያምስ ግን እዚያም ቆማ ቀርታለች።

23ኛውን ግራንድ ስላም አውስትራሊያ 2017 ላይ ነፍሰ ጡር ሆና ወሰደች። ከወሊድ ከተመለሰች በኋላ አራት ፍጻሜ ደረሰች። ዊምብልደን 2018 ከርበር 6-3፣ 6-3። ዩኤስ ኦፕን 2018 ኦሳካ 6-2፣ 6-4። ዊምብልደን 2019 ሃሌፕ 6-2፣ 6-2። ዩኤስ ኦፕን 2019 አንድሬስኩ 6-3፣ 7-5። አራት ፍጻሜ፣ ስምንት ሴት፣ አንዱንም አላሸነፈችም። የሃሌፑ 56 ደቂቃ ነው የፈጀው! በ56 ደቂቃ ማን ይደክማል? ሃሌፕ በዚያ ጨዋታ ሳትገደድ የሠራችው ስህተት ሦስት ብቻ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ትመልስ ነበር። የሴሬና ጨዋታ ደግሞ የቆመው በሁለት ምት ላይ ነው፦ ሰርቭ፣ ከዚያ ተመልሶ የሚመጣውን አጭር ኳስ መፍጀት። ሪተርኑ (የሰርቩ መልስ) ጥልቅ ሆኖ እግሯ ሥር ሲያርፍ ሁለተኛውን ምት ወደኋላ እያፈገፈገች መምታት ግድ ሆነባት። ይህ የድካም ጉዳይ አይደለም። ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ የነበረ የእግር ቅልጥፍና ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ማረፍ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ጆኮቪች ከዊምብልደን 2025 በኋላ የካናዳንም የሲንሲናቲንም ውድድር ትቶ በቀጥታ ኒው ዮርክ ገባ። ውጤቱን እይ፦ በሁለተኛው ዙር ለስቫይዳ አንድ ሴት ሰጠ፣ ለኖሪም አንድ፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ ለፍሪትዝ አንድ። እነዚያ ሦስት ትርፍ ሴቶች ሁለት ሰዓት ያህል ይሆናሉ። ኦገስት ላይ የቆጠበውን ጉልበት ውድድሩ ውስጥ መልሶ ከፈለው።

ሁለተኛ ሰርቭ

የሴሬናውን እቀበላለሁ፣ በተለይ የሃሌፑን። ግን አንድሬስኩ ላይ 1-5 ከተመራች በኋላ 5-5 አድርሳ ነበር፤ ያኔ ያቃታት ቅልጥፍና ብቻ አልነበረም። የዕረፍቱ ነጥብህ ትክክል ነው፣ መውጫ ግን የለውም። ኦገስት ላይ እነዚያን ሁለት የማስተርስ (ከግራንድ ስላም ቀጥሎ ያሉ) ውድድሮች ቢጫወት ኖሮ ኒው ዮርክ ሲደርስ ጭኑ ምን ይሆን ነበር?

ነጥብ ቆጣሪ

ሁላችሁም ስለ እግር አወራችሁ፣ ስለ ዕጣ ድልድል ማንም አላነሳም። ጆኮቪች በ2025 ግራንድ ስላሞቹን የገባው 6ኛና 7ኛ ሲድ (በደረጃ መሠረት ለድልድሉ የሚሰጥ ቁጥር) ሆኖ ነው። ከ5 እስከ 8 ያለ ሲድ ሩብ ፍጻሜ ላይ ከ1 እስከ 4 ካለ አንዱን ያገኛል፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሌላውን፣ ፍጻሜ ላይ ሌላውን። ደረጃውን አሻሽሎ 3ኛ ወይም 4ኛ ሲድ ቢሆን ሩብ ፍጻሜው ብቻ ይቀልለታል፤ ግማሽ ፍጻሜ ላይ 1ኛው ወይም 2ኛው ይጠብቀዋል። ሁለቱን ልጆች በተከታታይ ከመግጠም የሚያድነው ከሁለቱ የአንዱን ቦታ መያዝ ብቻ ነው፣ ወይም ሌላ ሰው አንዱን እንዲያወጣለት መጸለይ።

ቦታቸውን መያዝ ደግሞ በሒሳብ አይሆንም። ግራንድ ስላም ለአሸናፊው 2000፣ ለፍጻሜ ተሸናፊ 1300፣ ለግማሽ ፍጻሜ 800፣ ለሩብ ፍጻሜ 400 ነጥብ ይሰጣል። በ2025 ጆኮቪች ከአራቱ 3200 ሰበሰበ። አልካራዝ 5700፣ ሲነር 6600። ጆኮቪች ማስተርሶቹንም እየዘለለ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ስለዚህ 25ኛው ግራንድ ስላም የሚመጣው እሱ ስለተሻሻለ ሳይሆን ድልድሉ ሲከፈትለት ነው።

ሣር ሜዳ

በአምስት ሴት ያረጀ ሰው አያሸንፍም የሚለው ላይ ፌደረርን ልጥቀስ። አውስትራሊያ 2017፣ በ35 ዓመቱ፣ ኒሺኮሪን፣ ዋውሪንካንና ናዳልን ሦስቱንም በአምስት ሴት አሸነፈ። በፍጻሜው አምስተኛው ሴት ላይ 1-3 ተመርቶ ነበር። እንዴት ቻለ? ከዚያ በፊት ስድስት ወር አርፏል። ራኬቱን ቀደም ብሎ ከ90 ወደ 97 ስኩዌር ኢንች ቀይሮ ነበር፤ ሰፊ ራኬት ኳሷ ጫፍ ላይ ስታገኘው ይቅር ይላል፣ ስለዚህ ባክሃንዱን ወደኋላ ሳይሸሽ ኳሷ ገና ከመሬት ስትነሳ መምታት ቻለ። ቀድመህ ስትመታ የምትሮጠው ርቀት ያጥራል። የዚያን ዓመት የሸክላውን ወቅት በሙሉ ትቶ ዊምብልደንን አንድ ሴት ሳይሰጥ ወሰደ።

ዊምብልደን 2019ንም አስታውሱ። 38 ሊሞላው አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው 4 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ተጫወተ፣ በአምስተኛው ሴት 8-7 እና 40-15 ላይ ሁለት የዋንጫ ነጥብ ነበረው። በጠቅላላው 218 ነጥብ አሸንፎ፣ ጆኮቪች ደግሞ 204 አሸንፎ፣ ዋንጫው የጆኮቪች ሆነ፤ ሦስቱንም ታይብሬክ እሱ ስለወሰደ። እግር አልነበረም ያን ቀን ችግሩ። የሣር ሜዳ ነጥቦቹን ያሳጥራል፣ ለሽማግሌ የሚያዝን ሜዳ ነው። የ25ኛው ዕድል ካለ እኔ የምወራረደው ዊምብልደን ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ግን ማስታመም አይረዳም። ሮዝዎል በ1974 በ39 ዓመቱ ዊምብልደንም ዩኤስ ኦፕንም ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ኮነርስ በመጀመሪያው ስድስት ጌም ብቻ ተወለት፣ በሁለተኛው ሁለት።

መረብ ዳር

ጥሩ ነው። ከሁለቱ ሌላ ያሉትስ ወጣቶች? ሜንሺክ በ19 ዓመቱ ማያሚ ፍጻሜ ላይ ጆኮቪችን 7-6፣ 7-6 ሲያሸንፍ እሱም ሊቀላቀላቸው ነው ብዬ ነበር።

ጥግ ለጥግ

ማያሚ ከሦስት ሴት ሁለት ነው፣ ሜንሺክም በሰርቭ ነው ያሸነፈው። ሁለት ታይብሬክ ማሸነፍና ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሸነፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፎንሴካንም እይ፤ ፎርሃንዱ ከማንም አያንስም፣ ግን በ2025 ሮላን ጋሮስም (ፓሪስ) ዊምብልደንም ሦስተኛ ዙር ላይ ቀረ። እነዚህ ልጆች የሚጎድላቸው በመጥፎ ቀን የማሸነፊያ መንገድ ነው። ሰርቩ ባልገባላቸው ቀን የሚመኩበት ሌላ ነገር የላቸውም። አልካራዝ ዩኤስ ኦፕን 2025 ላይ ከ101 የሰርቭ ጌም 98ቱን አሸንፏል። ሰርቩ ገና ከተሻሻለ ምን ያህል ጊዜው ነው? ከዚያ በፊትም ግን በድሮፕ ሾት (መረቡን አልፎ ወዲያው በሚወድቅ አጭር ኳስ)፣ በመረብ፣ በሩጫ ያሸንፍ ነበር።

ሲነርም ቢሆን ሮላን ጋሮስ 2025 ላይ ሦስት የዋንጫ ነጥብ ይዞ በ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ተሸነፈ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ዊምብልደን ላይ ያንኑ አልካራዝን አሸነፈ። ከሜንሺክና ከፎንሴካ ይህን ስታይ ያኔ ሦስተኛ ሰው መጣ በል።

ሁለተኛ ሰርቭ

ሣር ሜዳ፣ ዊምብልደን ባልከው አልስማማም። የጆኮቪች ጉልበት ቀዶ ጥገና የተደረገለት ነው፣ ሣር ደግሞ ያንሸራትታል። በ2025 ሩብ ፍጻሜ ከኮቦሊ ጋር ሊጨርስ ሲል ወድቆ፣ ሲነርን የገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሜልቦርንን (አውስትራሊያ ኦፕንን) እመርጣለሁ፤ አሥር ጊዜ ያሸነፈበት ሜዳ ነው፣ ወቅቱም ከዕረፍት ቀጥሎ ይመጣል። የማታ ጨዋታ ከደረሰው ደግሞ ሙቀቱ ይቀንስለታል።

ጥር ላይ የምታዩ ከሆነ ውጤቱን ትታችሁ ይህን ተከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ስንት ሴት እንደሰጠ ቁጠሩ፤ ከሁለት ከበለጠ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ይታያል። ከዚያ ከቀኝ ጥግ ከመታ በኋላ ወደ መሀል በሩጫ ይመለሳል ወይስ በእርምጃ? ከመነሻ መስመር ኋላ ሆኖ ድሮፕ ሾት መሞከር ከጀመረ ቅብብሉን እየሸሸ ነው። በየነጥቡ መሀል የሚፈቀደውን 25 ሰከንድ እስከ መጨረሻው መጠቀም የጀመረው በስንተኛው ሴት እንደሆነም እዩ፤ ሁለተኛው ላይ ከሆነ ሦስተኛው ያስፈራል።

የማታው ክፍለ ጊዜ ሜልቦርን ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ሥራ ቦታ የምታዩ ስልካችሁን ድምፅ አጥፉ።