ቱርቱክ ከፓኪስታን እጅ ወጥታ በሕንድ እጅ የቀረችው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። እ.ኤ.አ. በ1971ዱ ጦርነት ሕንድ ሲንድ በረሃ ላይ የያዘችውን ሰፊ መሬት ለፓኪስታን መልሳለች። ካራኮረም ተራሮች ውስጥ ያለችው የቱርቱክ መንደር ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ልዩነቱ ምንድን ነው? ውጊያውስ ምን ይመስል ነበር?

ሸንተረር፦
ከውጊያው ልጀምር። ቦታው የሻዮክ ወንዝ የሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ ነው፤ ግራ ቀኙ ገደል። ከሕንድ በኩል ለሚገባ መጀመሪያ ቻሉንካ፣ ቀጥሎ ቱርቱክ፣ ከዚያ ትያክሺና ታንግ ይገኛሉ። ስለዚህ በሩ ቻሉንካ ነበረች። እዚያ 9 የፓኪስታን ምሽጎች ነበሩ፤ 2 ሻምበል ያህል ጦር ይዟቸዋል፣ ዙሪያቸው ፈንጂና ሽቦ ነው። የሕንዱ ሻለቃ ቼዋንግ ሪንቸን ከአካባቢው ልጆች የተመለመሉትን የላዳክ ስካውትስንና የኑብራ ጋርድስን ወታደሮች እየመራ ምሽግ በምሽግ አስለቀቀ። ቻሉንካ ከወደቀች በኋላ ሸለቆው ወደ ታች ተከፈተ፤ ታኅሣሥ ውስጥ ተኩስ ከመቆሙ በፊት አራቱም መንደሮች ተያዙ።

በዚያ ከፍታና ብርድ ጥይት ብቻ አይደለም ጠላቱ። የመሣሪያ ዘይት ይረጋል፣ ላብ የነካው ካልሲ እግር ያስቆርጣል፣ ከቆላ በቀጥታ የመጣ ወታደር ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የላዳክ (በሕንድ በኩል ያለው የተራራ አገር) ልጆች አየሩን ለምደውት ነው ያደጉት። በእኔ ግምት ድሉን ከመድፍ በላይ ያመጣው ይሄ ነው።

የካርታ ወዳጅ፦
መሬቱ ያልተመለሰበት ምክንያት ውሉ ላይ አለ። ጁላይ 2 ቀን 1972 በሕንድና በፓኪስታን መካከል የተፈረመው የሲምላ ስምምነት ሁለት ዓይነት መስመር ይለያል። ዓለም አቀፍ ድንበር ባለበት ሁለቱም ወደየራሳቸው ይመለሱ አለ፤ ሲንድ የተመለሰው በዚህ ነው። ሁለቱ አገሮች በሚከራከሩበት ጃሙና ካሽሚር ውስጥ ግን ዲሴምበር 17 ቀን 1971 ተኩስ ሲቆም የተገኘው መስመር ይከበር አለ። ቱርቱክ ያለችው እዚህኛው ውስጥ ነው። በተቃራኒው የእኛን ባድመ አስቡ፤ የአልጀርስ ስምምነት ያስቀደመው የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎችን ስለነበር፣ መሬቱን በጦር መያዝ በፍርዱ ላይ ክብደት አልነበረውም።

ካርታ የምትገዙ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን እዩ፤ ከ1972 በፊት የታተመው የ1949ኙን የተኩስ አቁም መስመር ስለሚከተል ቱርቱክን በፓኪስታን በኩል ያሳያታል።

ሸንተረር፦
ትክክል። የሚያሳዝነው የነዋሪው ነገር ነው። ሕዝቡ ባልቲ የሚባል ብሔረሰብ ነው፤ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ፓኪስታን ከተሞች ስካርዱና ካራቺ የሄዱ ባሎችና ልጆች መስመሩ ሲዘጋ በዚያው ቀሩ። መንደሯ ለጎብኚ የተከፈተችው በ2010 ነው። መስመሩም ራሱ ኤንጄ 9842 ከሚባለው ነጥብ በላይ በካርታ ላይ አልተሰመረም፤ የ1984ቱ የሲያቸን የበረዶ ግግር ግጭት የተነሣው ከዚያ ክፍተት ነው።